ብር ያልተቆጠረበት ሙስና

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ውጤት ይፋ አደረጉ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። 3.3 በመቶ ማለት ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

አገሩ ሁሉ ደነገጠ። በሬዲዮ፣ በፌስቡክ፣ በታክሲ ውስጥ ወሬው ሁሉ ይኸው ሆነ። «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው» ተባለ። «ስልክ ነው ያበላሻቸው» ተባለ። እኔ ግን ከመደንገጥ ይልቅ ተናደድኩ። ታናሽ እህቴ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ናት። ትምህርት ቤቷም አንድ ልጅ እንኳ ካላሳለፉት አንዱ ነው። ያደግኩት ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ያ 3.3 በመቶ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። እንዴት እየተሠራ እንደመጣ ከውስጥ ሆኜ አይቻለሁ።

በ2006 ዓ.ም. 10ኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበብ ነበረው። የፌዴራሉ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ክበቡ በየትምህርት ቤቱ ተስፋፍቶ እኛም ጋ ደርሷል። ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ የክበቡ ልጆች ግጥም ያነቡልን ነበር። ግድግዳው ላይም ሥዕል ነበር። ከረባት ያሰረ ወፍራም ሰውዬ በጠረጴዛ ሥር ፖስታ ይቀበላል። የሲቪክስ መጽሐፋችን ደግሞ ስለ ሕግ የበላይነት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ታታሪነት አንድ አንድ ምዕራፍ ነበረው። መምህራችን ከልቡ ነበር የሚያስተምረው። እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

እኛ ሰፈር ግን ከረባት ያሰረ ሰው አልነበረም። ፖስታም አይተን አናውቅም። ስለዚህ ሙስና ማለት አዲስ አበባ ያለ፣ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው ብለን አደግን። እዚያው ግቢያችን ውስጥ የሚሠራውን ማንም አላሳየንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረዳው በዓመቱ መጀመሪያ ዕቅድ ይይዛል። ይህን ያህል በመቶ ተማሪ ያልፋል ይላል። ቁጥሩ ከዞን የመጣ ነው፤ ዞኑም ከክልል ነው የተቀበለው። ከወረዳ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይወርዳል፤ ከርዕሰ መምህሩ ወደ መምህሩ። መምህሩ ብዙ ልጅ ከጣለ በግምገማ ላይ ይነሳበታል። «ለምን አላበቃሃቸውም?» ይባላል። የመማሪያ መጽሐፉ ለሦስት ልጅ አንድ ነው፣ የፊዚክስ መምህር ግማሹን ዓመት አልነበረም፣ ፕላዝማው ከተበላሸ ቆይቷል ቢል የሚሰማው የለም። የሥራ አፈጻጸም ነጥቡ ይቀንሳል። ዝውውሩም የደረጃ ዕድገቱም ከዚያ ነጥብ ጋር የታሰረ ነው። ቤተሰቡ ሌላ ወረዳ ያለ መምህር ስለ ዝውውር እንዴት እንደሚያስብ ማንም ይገባዋል። ስለዚህ 38 ያመጣው ልጅ 50 ይደረግለታል። ርዕሰ መምህሩ «ከዕቅድ በላይ» ብሎ ሪፖርት ይልካል። የወረዳው ኃላፊ በዞን ስብሰባ ይመሰገናል፤ ዋንጫ ይዞ ይመለሳል። ሹመት ሲመጣም ያ ሪፖርት ይቆጠርለታል። የፓርቲ አባል መሆኑማ የግድ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ብር ከእጅ ወደ እጅ አልተላለፈም። ግን እያንዳንዱ የሚያገኘው ነገር አለ። መምህሩ ሰላም ያገኛል። ርዕሰ መምህሩ ወንበር ያገኛል። ኃላፊው ሹመት ያገኛል። ሒሳቡ ደግሞ የሚከፈለው በአንድ የገበሬ ልጅ አራት ዓመት ነው። ይህ ሙስና ካልሆነ ሌላ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ከዚያ ብሔራዊ ፈተናው ይመጣል። እዚህ ላይ የተጨመረች 50 አትሠራም። ወረቀቱ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ የሚታረመውም እዚያው ነው። የወረዳው ሰው ውጤቱን ሊነካው አይችልም። ስለዚህ የፈተናውን ክፍል ይነካዋል።

ፈተናው ሲቃረብ ስብሰባ ተጠራን። በዚያን ጊዜ አንድ ለአምስት ተደራጅተን ነበር። ጎበዙ መሪ ይሆናል፣ አምስቱ ከሥሩ ናቸው። የተባለው ለጥናት ነው፤ ለጥናትም የጠቀማቸው ልጆች ነበሩ። በዚያ ስብሰባ ግን ሌላ ነገር ሰማን። «ሌላው ወረዳ ይደጋገፋል። የእኛ ልጆች ለምን ወደ ኋላ ይቀራሉ? መሪዎች ኃላፊነት አለባችሁ።» ከዚህ በላይ አልተነገረንም። ሁላችንም ገባን።

ከክፍላችን አንድ ሰቃይ ልጅ ነበር። እናቱ ጠላ እየጠመቀች ነው የምታስተምረው። ሒሳብ ላይ የሚደርስበት አልነበረም። አብረን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። በፈተናው ዋዜማ ማታ ጎረምሶች መጡ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ የአንድ የወረዳ ሹም ልጅ ነው። «ነገ ካላሳየኸን ይህን ከተማ ትለቃለህ» አሉት። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። የቤቱ ባለቤት እትዬ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ምንም አላሉም። ምንስ ይበሉ?

በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ላይ የመልስ ወረቀቱን ከእጁ ወሰዱበት። ወረቀቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ፈታኙ መስኮቱ ጋ ቆሞ ውጭ ውጭውን ያያል። ልጁ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ወረቀቱ ሲመለስለት ደወሉ ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ነበር የቀረው። ያልሠራቸውን ጥያቄዎች እንዲያው አጠቆራቸው።

እንዲህ ያለው ጭንቀት የትም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። መልሱን ቢሰጥ ሕግ ጣሰ። ባይሰጥ ይደበደባል። ለማን አቤት ይበል? ለርዕሰ መምህሩ? «ኃላፊነት አለባችሁ» ያለው እሱ ነው። ለወረዳው? ቁጥሩን የሚፈልገው ወረዳው ነው። የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ማታ ኩራዝ አብርተን ቁጭ ባልንበት «ቆይ፣ እኔ ለምንድን ነው ያጠናሁት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የተቀበሉትም ቢሆኑ አልተጠቀሙም። ብዙዎቹ 11ኛ ክፍል ገብተው ግራ ገባቸው። አንድ መስመር እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግረው ልጅ ኬሚስትሪን በእንግሊዝኛ ተማር ተባለ። በየክፍሉ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብለው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ሰነፎች አይደሉም። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ «አልፈሃል» እየተባሉ የመጡ ናቸው።

የሰሜን ሸዋ የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው እንዴት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ትምህርት ቤቱ ያለው ወረዳው ከተማ ላይ ነው። ቤትህ ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ አንድ ክፍል ትከራያላችሁ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ስንቅ ልታመጣ በእግርህ ወደ ቤት ትሄዳለህ። እሑድ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ተሸክመህ ትመለሳለህ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይደርቃል፤ አንዳንዴም ያልቃል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሲመጣ ሌሊት ለማጥናት መነሳት ማለት ምን እንደሆነ የደጋ ልጅ ያውቀዋል። ብርድ ልብስህን ተከናንበህ፣ እጅህ እስክሪብቶ አልይዝ እስኪልህ።

ለሴቶቹ ደግሞ ይብሳል። ውኃ መቅዳቱ፣ ማብሰሉ፣ መንገዱ ላይ የሚጠብቃቸው ጎረምሳ። ከዚያ ሁሉ በላይ የቤተሰቡ ቃል አለ። «ዘንድሮ ካላለፍሽ ለእገሌ ልጅ እንሰጥሻለን።» ለወንዱ ፈተና መውደቅ ዓመት ማጣት ሊሆን ይችላል። ለእሷ ግን ሕይወቷን በሙሉ ሌላ ሰው ይወስንላታል። አብረውኝ ከጀመሩት ሴቶች ስንቶቹ 12ኛ እንደደረሱ ሳስበው ያመኛል።

ቤተሰቡስ ቢሆን? ልጁን ለማስተማር መሸኛ ያስፈልገዋል። አባቴ ለእኔ መሸኛ ሊያጽፍ ቀበሌ ሲሄድ የማዳበሪያ ዕዳ ይጠየቃል። እሱን ከከፈለ የልማት መዋጮ ይባላል። ቀጥሎ ለስብሰባ፣ ለበዓል፣ ስሙ ላልታወቀ ነገር። ደረሰኝ የለውም። አባቴ ማንበብና መጻፍ የተማረው በደርግ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ደረሰኝ ምን እንደሆነ ያውቃል። «ደረሰኙስ?» ሲል «ልጅህን ማስተማር ትፈልጋለህ አትፈልግም?» ተባለ። በግ ሸጦ ከፈለ። ልጁ እንዲማር ብሎ የማይከፍል አባት የለም። ያንን ስለሚያውቁ ነው የሚጠይቁት።

በ2007 ዓ.ም. 11ኛ ክፍል ደብረ ብርሃን ገባሁ። የምርጫ ዓመት ነበር። ከፍ ከፍ ላልነው ተማሪዎች የገዢው ፓርቲ የአባልነት ፎርም መጣልን። ግዴታ ነው ያለ የለም። «ነገ ሥራ ስትፈልጉ ይጠቅማችኋል» ነው የተባለው። ሞላሁት ያሉ ጓደኞቼን አልወቅስም። እኔ ያልሞላሁት አጎቴ አጥብቆ ስለከለከለኝ ነው፤ ጀግና ሆኜ አይደለም። ግንቦት ላይ ምርጫው ተካሄደ። ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫ አንድም ለተቃዋሚ አልደረሰም። ሲቪክስ ክፍል ውስጥ ስለ መድብለ ፓርቲ የተማርነው በዚያው ዓመት ነው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ መቶ በመቶ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ በሩን ዘጋና «ወደ ቀጣዩ ገጽ» አለ። ሰውዬው ልጆች አሉት፤ ደመወዙ ከወር ወር አይደርስም። የ17 ዓመት ልጆች ግን ከዚያች የተዘጋች በር ብዙ ይማራሉ። ከአንድ ዓመት የሲቪክስ ትምህርት የበለጠ።

በ2008 ደግሞ እኛ ራሳችን 12ኛ ክፍል ደረስን። ግንቦት 22፣ ሰኞ፣ የኢንትራንስ የመጀመሪያው ቀን ነበር። የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቆ ተገኘ። የለቀቁት ሰዎች ምክንያታቸውን ተናገሩ። በኦሮሚያ በነበረው ፀረ መንግሥት ተቃውሞ የተነሳ የክልሉ ልጆች ለወራት አልተማሩም፤ ፈተናው ይራዘምላቸው ብለን ጠይቀን እንቢ ተባልን አሉ። መንግሥት በዚያው ዕለት የአገሩን ፈተና በሙሉ ሰረዘ። ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሐምሌ ላይ እንደገና ተፈተንን፤ ያን ሰሞን ፌስቡክና ሌሎቹም ተዘግተው ነበር።

ፈተናው የተሰረዘ ቀን ከግቢው ስንወጣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ይስቃል። እኔ የማስበው ስለ ቤት ኪራይ ነበር። ለሰኔ የምከፍለው አልነበረኝም። ስንቄም ለዚያ ሳምንት ብቻ ተብሎ የተሰላ ነው። በትልልቆቹ መካከል ያልተፈታው ጉዳይ እንዲህ ነው ወደ ተማሪ የሚወርደው። የኦሮሚያው ልጅ ሳይማር ተፈተን ተባለ። የመንዙ ልጅ ተምሮ አትፈተን ተባለ። ሁለቱንም ማንም አላማከራቸውም።

የእህቴ ታሪክ ከእኔ ይከፋል። 10ኛ ክፍል ሳለች፣ በ2012፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘጋ። በአንድ ሴሚስተር ውጤት ወደ 11ኛ ተዛወረች። በ2013 አጣዬ ነደደች፤ ተፈናቃዩ ደብረ ብርሃንን ሞላት። በ2014፣ 12ኛ ክፍል ላይ፣ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደረሰ። መምህራኑ ተበተኑ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ደግሞ በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪው የዘማች ቤተሰብ ሰብል እንዲሰበስብ ተወሰነ። እህቴም አጭዳለች። በዚያ አልከፋትም፤ የጎረቤታችን ልጅ ዘምቶ ነበርና። የሚገርመው ግን ካርዷ ነው። በዚያ ሁሉ መሀል የካርዷ አማካይ 86 ነበር። አንደኛ ናት። ምን ያህሉን ምዕራፍ እንደጨረሱ ስጠይቃት «ፊዚክስ እንኳ ግማሹም አልደረስንም» አለችኝ። 86ቱን ማን ሰጣት?

ፈተናውን የወሰደችው በ2015 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆኗል። ስልክ አይገባም፤ ፖሊስ አለ፤ ፈታኙም የአገርህ ሰው አይደለም። ይህን እርምጃ እደግፋለሁ። የዚያ የሒሳብ ሰቃይ ጓደኛዬ ዘመን ላይ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ከእጁ የሚነጥቀው አይኖርም ነበር። ኩረጃው መቆም ነበረበት።

ውጤቱ የመጣ ቀን እህቴ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አንደኛ ነበርኩ» አለች። ደጋግማ ይህንኑ ነው የምትለው። እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት። «ልጄ፣ ያን ሁሉ ዓመት ታዲያ ምን ሲያስተምሯት ነበር?» አለችኝ።

የእናቴን ጥያቄ በይፋ የጠየቀ ሰው አላየሁም። የኩረጃው በር በ2015 ተዘጋ፤ ጥሩ ነው። በሩን ለዓመታት ከፍተው የያዙትስ? እኔ በማውቀው አካባቢ «ከዕቅድ በላይ» ብለው የጻፉት ሰዎች አሁንም ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ወይም ከፍ ብለዋል። ዋንጫቸውን የመለሰ የለም። «ያ ሪፖርት ሐሰት ነበር፤ ልጆቻችሁን በድለናል» ብሎ በወላጅ ፊት የቆመ የለም። የወደቁት ልጆች ብቻ ናቸው። በ2015 መጨረሻ በተሰጠው ቀጣይ ፈተና 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ አለፉ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ያስደስተኛል። ግን አሁንም ከመቶ ዘጠና በላዩ ቤቱ ይገባል። በእኛ ክልል ደግሞ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ጭራሽ ተዘግቷል። የሚወድቅበት ፈተና እንኳ ያላገኘ ልጅ ስንት ነው?

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የካርድ ውጤትና የብሔራዊ ፈተና ውጤት ጎን ለጎን ሆኖ በሩ ላይ ይለጠፍ። ወላጅ ያንብበው። የማያነብ ይነበብለት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማን እንደሆነ ያኔ ይታያል። የመምህሩም ዝውውርና ዕድገት ባሳለፈው ልጅ ብዛት አይመዘን። በዚያ እስከተመዘነ ድረስ 38ቱ 50 መሆኑን አይተውም። ሦስተኛው፣ በልጅ ውጤት የተሾመ ሰው በልጅ ውጤት ይጠየቅ።

በየካቲት 2015 ቀበሌያችን የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ከወረዳ የመጣው ሰው ስለ ተማሪዎች ስንፍናና ስለ ስልክ ረዘም አድርጎ ተናገረ። አንዲት እናት ተነሱ። «የእኔ ልጅ ስልክ የላትም። መብራትም የለንም። ስለ ማን ነው የምትነግረን?» አሉት። ሌሎችም ተከተሉ። «ባለፈው ዓመት ዋንጫ አሳይተኸን ነበር፤ ዋንጫው የምን ነበር?» ያለም አለ። ሰውዬው ጥያቄውን ለበላይ አካል አቀርባለሁ ብሎ ሄደ። መልስ አላመጣም።

ትንሹ ወንድማችን ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ነው። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ሆኖ ይማራል። አባቴ በቅርቡ ሊጠይቀን መጣና ካርዱን አየ። ሒሳብ 82 ይላል። በማግስቱ ጠዋት ጋቢውን ለብሶ፣ ካርዱን ይዞ ትምህርት ቤቱ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። መምህሩን አስጠርቶ ሰላምታ ከሰጠው በኋላ «ልጄ፣ ይህ 82 የእሱ ነው ወይስ የእናንተ?» አለው። ወጣት መምህር ነው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ የማርክ መመዝገቢያውንና የፈተና ወረቀቶቹን አምጥቶ አንድ በአንድ አሳየው። ተደምሮ 61 ነበር። አባቴ በጣቱ እየተከተለ ቆጠረው። «እንግዲያው 61 ብለህ ጻፍልኝ» አለው። መምህሩ ጻፈ፤ ከጎኑም ፈረመበት።